ሰንጢው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ርካሽ ሰንጢ ስትገዙ ስለቱ ላይ «ስቴንለስ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ቃሉ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ዝገትን ይቋቋማል ማለት እንጂ ስለቱ ይቆያል ማለት አይደለም። «ሰርጂካል ስቲል» (የቀዶ ሕክምና ብረት) የሚለውም ያው ነው። ለጆሮ ያምራል፤ የትኛው ብረት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ቁም ነገሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። የቻይና ብረት ከሆነ ማንበቡ ቀላል ነው። 8ሲአር13ኤምኦቪን እንይ። ከፊት ያለው 8 ካርቦኑን ይነግረናል፤ 0.8 በመቶ ገደማ ነው። «ሲአር» ክሮሚየም ነው፤ 13 ደግሞ መጠኑ በመቶኛ። «ኤምኦቪ» ሞሊብዲነምና ቫናዲየም የሚባሉ ተጨማሪ ብረቶች ናቸው። ካርቦን ብረቱን ያጠነክራል፣ ክሮሚየም ከዝገት ይጠብቃል። አሁን 3ሲአር13ን አጠገቡ አስቀምጡት። ክሮሚየሙ እኩል ነው፤ ካርቦኑ ግን 0.3 በመቶ ገደማ ብቻ። ሁለቱም «ስቴንለስ» ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ቶሎ ይዶለዱማል።

440 የሚባለው ብረት ላይ ተጠንቀቁ። 440ኤ፣ 440ቢ እና 440ሲ የተለያዩ ናቸው። ካርቦን የሚበዛው 440ሲ ላይ ነው። ፊደሉ ከተዘለለ እኔ ዝቅተኛው ነው ብዬ ነው የምይዘው።

ዲ2 የሚባለው ብረት ደግሞ 1.5 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ስለቱ ይቆያል። ግን ሎሚ ቆርጣችሁ ሳታደርቁ ብታጥፉት የዝገት ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። ለመሳልም ያስቸግራል።

ቁጥሩም ሁሉን አይናገርም። ያው ብረት በደንብ ካልተጋለና በአግባቡ ካልቀዘቀዘ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የጥንካሬ መለኪያውን፣ የሮክዌል ቁጥሩን፣ ሻጩን ጠይቁት። ለ8ሲአር13ኤምኦቪ ከ57 እስከ 59 ከሆነ ደህና ነው።