በዊንች ላይ የተጻፈው የመጎተት አቅም የሚሠራው መቼ ነው?

ዊንች ገመድን በሚሽከረከር ሲሊንደር (ከበሮ) ላይ እየጠቀለለ ከባድ ነገር የሚጎትት መሣሪያ ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው ገመዱ ተለቅቆ ከበሮው ላይ የመጀመሪያው ድርብ ብቻ ሲቀር ነው። ከበሮውን የሚያዞረው ጉልበት ስለማይጨምር፣ ገመዱ በተደራረበና ከከበሮው መሐል በራቀ ቁጥር የመጎተት ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለምሳሌ ገመዱ ከመሐሉ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሳለ 4,000 ኪሎ ግራም የሚጎትት ዊንች፣ ርቀቱ 8 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የሚጎትተው 2,500 ብቻ ነው። ይህ በማንኛውም ከበሮ ላይ እርግጥ ነው፤ በየድርቡ ስንት እንደሚቀንስ ግን እንደ ከበሮውና እንደ ገመዱ ውፍረት ይለያያል። ስለዚህ ጭቃ የያዘውን መኪና ተጠግቶ በአጭር ገመድ መጎተት፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ ኃይል አይጨምርም፤ ራቅ ብሎ መቆም ይሻላል። ሆኖም ገመዱን የሚይዘው በዋናነት የዙሮቹ ሰበቃ እንጂ የጫፉ ማሰሪያ ስላልሆነ፣ አምራቹ ያዘዘው የዙር ብዛት ምንጊዜም ከበሮው ላይ መቅረት አለበት።