የትርፍ ድርሻ ምንድን ነው? እያደገ ያለ ኩባንያስ መክፈል አለበት?

አንድ ኩባንያ ሲያተርፍ ገንዘቡን ወይ ለባለቤቶቹ ያከፋፍላል፣ ወይ መልሶ ሥራው ላይ ያውለዋል። ለባለአክሲዮኖች የሚከፋፈለው ገንዘብ የትርፍ ድርሻ ይባላል። ዲቪደንድ የሚሉትም እሱኑ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ ሲካሄድ አዳራሹን የሚያሞቀው ይሄው ጉዳይ ነው። አንዱ «ድርሻችን ይሰጠን» ይላል፣ ሌላው «እያደግን ስለሆነ ትንሽ ታገሱ» ይላል።

በቅድሚያ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር ላጥራ። «በአክሲዮን 30 በመቶ አተረፍን» ሲባል 30 በመቶው ኪሳችሁ ይገባል ማለት አይደለም። የ1,000 ብር አክሲዮን 300 ብር የተጣራ ትርፍ አገኘ እንበል። ባንክ ከሆነ ከዚህ ላይ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ግዴታው ነው፤ መጠባበቂያው የተከፈለ ካፒታሉን፣ ማለትም ባለአክሲዮኖች ለአክሲዮን የከፈሉትን ገንዘብ፣ እስኪያክል ድረስ ይህ ይቀጥላል። ስለዚህ 75 ብሩ እዚያ ቀረ። ከቀሪው 225 ብር ቦርዱ ለማስፋፊያ ይቅር ብሎ ለጉባኤ የሚያቀርበው ሊኖር ይችላል። የሚከፈለው ላይ ደግሞ ግብር ይቆረጣል። አክሲዮኑን የገዛችሁት ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ከሆነ ገንዘባችሁ በሠራበት ጊዜ ልክ ነው የሚታሰብላችሁ። ይህንን የሚያስረዳው አጥቶ ተበላሁ ብሎ የተቀየመ ስንት ሰው አለ!

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ ትርፍን ማስቀረት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይበላም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1997 አክሲዮኑን ለሕዝብ ከሸጠ ወዲህ የትርፍ ድርሻ ከፍሎ አያውቅም፤ ማይክሮሶፍትም በ1986 ገበያ ወጥቶ የመጀመሪያውን የከፈለው በ2003 ነው። ባለአክሲዮኖቹ ግን አልተጎዱም። ገንዘቡ ውስጥ ሆኖ ሌላ ገንዘብ ስለወለደ የአክሲዮናቸው ዋጋ በብዙ እጥፍ አደገ። በሌላ በኩል ዘር ነው ብላችሁ ያስቀመጣችሁት እህል የምትዘሩበት መሬት ከሌላችሁ ነቀዝ ነው የሚበላው። «እያደግን ነው» ለሚል ቦርድም ጥያቄው ይሄ ነው፦ የት ልትዘራው ነው?

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚወሳ አንድ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 የፎርድ መኪና ፋብሪካ በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያተርፍ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ግን ልዩ የትርፍ ድርሻ መክፈል አቁሜ ፋብሪካ አስፋፋለሁ፣ የመኪናውንም ዋጋ ከ440 ወደ 360 ዶላር አወርዳለሁ አለ። 10 በመቶ አክሲዮን የነበራቸው ጆንና ሆራስ ዶጅ የተባሉ ወንድማማቾች ከሰሱት። እነሱም በበኩላቸው የራሳቸውን መኪና መሥራት ጀምረው ነበርና ገንዘቡን ይፈልጉታል። በ1919 የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፎርድ ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲያከፋፍል ፈረደ። እኔን የሚገርመኝ ግን ማስፋፊያውን አለመከልከሉ ነው፤ ዳኞቹ እኛ የንግድ ባለሙያዎች አይደለንም ብለው ለኩባንያው ተዉለት። ካዝናው ለሁለቱም እንደሚበቃ አይተዋል። ስለዚህ «እያደግን ስለሆነ አንከፍልም» የሚል ሰው መጀመሪያ ካዝናውን ከፍቶ ያሳየን።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ ከአማዞን በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። የአማዞን ባለአክሲዮን ገንዘብ ሲያስፈልገው ጥቂት አክሲዮን ይሸጣል፣ አለቀ። እኛ ጋ በንጉሡ ዘመን ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት በደርግ ጊዜ ከቆመ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ እስከ ተከፈተበት እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ድረስ መደበኛ መሸጫ ቦታ አልነበረም። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ፤ አብዛኛው አክሲዮን ግን ዛሬም ለመሸጥ ሰው ለሰው መፈላለግ ይጠይቃል። አክስቴ ከዓመታት በፊት የአንድ አክሲዮን ማኅበር አክሲዮን ገዝታ ነበር። በየዓመቱ ስብሰባ ትሄዳለች፣ «እያደግን ነው» ይሏታል፣ ሻይዋን ጠጥታ ትመለሳለች። ልሽጠው ስትል ገዢ የለም። ጎረቤት ጠየቀች፣ ደላላ አናገረች፣ በመጨረሻ የምስክር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። መሸጥ ለማይችል ሰው የትርፍ ድርሻ ከአክሲዮኑ የሚያገኘው ብቸኛው ነገር ነው። ኑሮው በየወሩ በሚወደድበት አገር ድርሻዬን ስጡኝ ያለን ሰው ስግብግብ ማለት ልክ አይደለም።

ባንኮቹም ችግር አለባቸው፣ አልክድም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የነበሩ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዘዘ። ስለዚህ «ድርሻችሁን በጥሬ ገንዘብ አትውሰዱት፣ አዲስ አክሲዮን ግዙበት» የሚለው ጥሪ በረከተ። ይህ ጥሪ ሲመጣ ዝም ብላችሁ እምቢ አትበሉ። አዲሱ አክሲዮን በተጻፈበት ዋጋ፣ ማለትም 1,000 ብር የተባለው በዚያው በ1,000 ብር የሚሸጥ ከሆነ፣ ገዢው ባለፉት ዓመታት ከእናንተ ትርፍ ተቀንሶ የተጠራቀመውን መጠባበቂያ ጭምር በነፃ ይካፈላል። እናንተ የድርሻችሁን ያህል ካልገዛችሁ ባለቤትነታችሁ ውሃ እንደተጨመረበት ወጥ ይቀጥናል። አቅሙ ካላችሁና ባንኩ ጤነኛ ከሆነ መግዛቱ ይሻላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ እያደገ ያለ ኩባንያ ትርፉን ማስቀረት ያለበት ባለአክሲዮኑ ውጭ ወስዶ ከሚያገኝበት የተሻለ ማትረፍ ሲችል ብቻ ነው፤ ያንንም በቁጥር ማሳየት አለበት። አክሲዮኑ እንደልብ የማይሸጥ ከሆነ ደግሞ ትንሽም ቢሆን በየዓመቱ ይክፈል። በአንጻሩ በከፍተኛ ወለድ እየተበደረ ለባለአክሲዮን የሚያድል ኩባንያ ካያችሁ አትደሰቱ፣ እዳው የእናንተው ነው።

የትርፍ ድርሻን ሐሳብ የሚያቀርበው ቦርዱ ቢሆንም የሚያጸድቀው ጉባኤው ነው። መሄድ ካልቻላችሁ ወኪል መላክ ትችላላችሁ። ለአክስቴ ዘንድሮ ይዛ የምትሄደውን ጥያቄ በወረቀት ጽፌላታለሁ፦ አምና ያስቀራችሁት ገንዘብ ምን ላይ ዋለ? ያ ሥራ በመቶ ስንት አስገኘ? አሁን ካዝና ውስጥ ያለውስ ለማስፋፊያውም ለእኛም አይበቃም ወይ?