ፕሌስመንት ምንድን ነው? የክሪሚኖሎጂ (የወንጀል ጥናት) ተማሪስ የት ይወጣል?

እኛ አገር «ኢንተርንሺፕ ወጣሁ» ሲባል ተማሪ ሁሉ ይገባዋል። እንግሊዝ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሌስመንት ይሉታል። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በሚማረው ሙያ ዙሪያ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ጥቂት ሳምንት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ከመጨረሻው ዓመት በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ይሠራል፤ ያኔ የሦስት ዓመቱ ትምህርት አራት ይሆናል።

ኢንጂነሩ ሳይት ይወጣል፣ ነርሷ ዋርድ ትገባለች። ክሪሚኖሎጂስ? ለንደን ያለ ሐበሻ ወላጅ «ፖሊስ ልትሆን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ልጁም በልቡ የሚያስበው በፕላስቲክ ሪባን የታጠረ የግድያ ቦታ ነው። እዚያ ማን ያስገባዋል! የሚሄደው ፕሮቤሽን ቢሮ (ጥፋተኞችን ከእስር ቤት ውጭ የሚከታተል መሥሪያ ቤት)፣ የወጣት ጥፋተኞች አገልግሎት ወይም የወንጀል ተጎጂዎችን የሚረዳ ድርጅት ነው። ለዚያም መጀመሪያ ዲቢኤስ የሚባለውን የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ መጀመር ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው «አፕሮፕሪየት አደልት» የሚባለውን ሥራ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲታሰር ከጎኑ የሚቀመጥ፣ ከፖሊስ ነፃ የሆነ አዋቂ ማለት ነው። ወላጅ ካልተገኘ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ይመጣል፤ ተማሪም ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የመጣው ከስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ውስጥ ማክስዌል ኮንፌይት የተባለ ሰው ተገደለ። ሦስት ልጆች ተያዙ። ትልቁ 18 ዓመቱ ነበር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነትም ነበረበት። ሌሎቹ 15 እና 14። መጀመሪያ ሲመረመሩ አጠገባቸው ወላጅም ሌላ ዘመድም አልነበረም። «አድርገናል» ብለው አመኑ፣ ተፈረደባቸው። በ1975 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ከዚያ የተነሳው ክርክር የ1984ቱን የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ እስከማስወጣት ደረሰ፤ አፕሮፕሪየት አደልትም አብሮ መጣ።

አሁን አንተ አፕሮፕሪየት አደልት ሆነህ ፖሊስ ጣቢያ ገብተናል እንበል። ፖሊሱ ለ15 ዓመቱ ልጅ ማስጠንቀቂያውን ያነብለታል፦ የመናገር ግዴታ የለብህም፤ ነገር ግን አሁን ስትጠየቅ ያልተናገርከውን ኋላ ፍርድ ቤት ብታነሳው መከላከያህን ሊጎዳው ይችላል። «ገባህ?» ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። የገባው ነገር የለም። እዚህ ላይ ነው ሥራህ። «እስቲ በራስህ አፍ ንገረኝ» ትለዋለህ። «ዝም ካልኩ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው፣ አይደል?» ይልሃል። በል እንግዲህ፣ ከዜሮ አስረዳው።

ትንሽ ቆይቶ ጠጋ ብሎ «ለማንም አትናገር እንጂ...» ብሎ ይጀምራል። ቶሎ ማስቆም አለብህ። ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ለአንተ የተነገረው ግን አይደለም። ልጁ «ጠበቃ አልፈልግም» ቢል እንኳ ጠበቃ እንዲጠራ መጠየቅ ትችላለህ። ጠበቃው ከመጣ በኋላ ግን ልጁን አግኘው ብሎ ማስገደድ አይቻልም።

ቀጣሪዎች «ክህሎት» የሚሉት ይህንን ነው። ሲቪ ላይ «ጥሩ የመግባቢያ ችሎታ አለኝ» የሚል መዓት ነው፤ ማንም አያነበውም። «የፖሊስ ማስጠንቀቂያ ላልገባው ልጅ አስረድቻለሁ፤ ሊነግረኝ የነበረውን አስቁሜ ወደ ጠበቃው መርቻለሁ» ያለ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያወራው አያጣም። ስምና ጉዳይ ሳይዘረዝር ማውራት ከቻለ ደግሞ ምስጢር መጠበቁንም እግረ መንገዱን አሳየ።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። የቤት ኪራዩን በራሱ የሚከፍል ልጅ ቅዳሜና እሁድ ሱቅ ቆሞ ሲውል ቤተሰብ የሚከፍልለት ልምድ ይሰበስባል። ጊዜ ለሌለው አንድ መላ አለ፦ ማጂስትሬት ፍርድ ቤት (የወንጀል ጉዳይ መጀመሪያ የሚቀርብበት የታችኛው ፍርድ ቤት) አብዛኛው ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃ። ክፍል በሌለህ አንድ ጠዋት ደብተር ይዘህ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ በል። ድምፅ መቅዳትና ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ስልክህን አጥፋ።