የአርኤስ-485 መገናኛ ገመድ አዘረጋግ

አርኤስ-485 የኃይል ቆጣሪን፣ የሞተር ድራይቭን (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያን)፣ የሙቀትና የግፊት መለኪያን ከፒኤልሲ (ማሽኖችን ከሚቆጣጠረው የፋብሪካ ኮምፒውተር) ጋር በሁለት ሽቦ የሚያገናኝ ደረጃ ነው። የወጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በላዩ ላይ በብዛት የሚሠራበት ሞድባስ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1979 በሞዲኮን ኩባንያ የተሠራ ፕሮቶኮል (መሣሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ) ነው። ሁለቱም ዕድሜ ቢኖራቸውም ዛሬም በየፋብሪካው አብረው ይሠራሉ። መስመሩ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ሳይሆን ከገመዱ ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪ ከመቀየር በፊት አዘረጋጉን መፈተሽ ይበጃል።

መረጃው የሚነበበው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ካለው የቮልቴጅ ልዩነት ነው፤ ተቀባዩ ቢያንስ 200 ሚሊቮልት ልዩነት ይፈልጋል። ሽቦዎቹ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ከሆኑ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው ልዩነቱ አይዛባም። ያልተጠማዘዘ ተራ የመብራት ገመድ በአጭር ርቀት ሊሠራ ይችላል፤ አጠገቡ ያለው ትልቅ ሞተር ሲነሳ ግን ንባቡ ይቆራረጣል። የሚመረጠው 120 ኦም ኢምፒዳንስ (ለሚያልፈው ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ) ያለው፣ ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) የለበሰ ጥንድ ገመድ ነው። የመሣሪያዎቹን ጋራ ዜሮ የሚያገናኝ ሦስተኛ ሽቦም ያስፈልጋል፤ ደረጃው የሚፈቅደው ከጋራው ዜሮ አንጻር ከ-7 እስከ +12 ቮልት ብቻ ነውና።

ገመዱ ከአንዱ መሣሪያ ወጥቶ ወደሚቀጥለው እየገባ እንደ ሰንሰለት ይዘረጋል። ከአንድ ሳጥን ወደየአቅጣጫው በኮከብ ቅርጽ መበተን ስህተት ነው፤ ምልክቱ በየጫፉ ተመትቶ ይመለስና የሚከተለውን ያበላሻል። በዚሁ ምክንያት በሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች ላይ፣ በጫፎቹ ላይ ብቻ፣ 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰራል። ይህን ለማረጋገጥ ኃይሉን አጥፍቶ በሁለቱ መስመሮች መካከል በመልቲሜትር መለካት ይቻላል። ወደ 60 ኦም ካሳየ ሁለቱም አሉ፣ 120 ከሆነ አንዱ ጎድሏል፣ 40 ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ ያለ መሣሪያ የራሱ ሬዚስተር በማብሪያው ተከፍቶ ቀርቷል። መስመሩ ብዙ መቶ ሜትር ሲሆን የሽቦው የራሱ ሬዚስታንስ ስለሚደመር ንባቡ ከ60 ከፍ ማለቱ አያስደነግጥም።

ብዙ ሰዓት የሚያባክነው የሁለቱ ሽቦዎች መጠሪያ የሆነው የኤ እና የቢ ስም ነው። ደረጃው ኤ ብሎ የሚጠራውን ብዙ የቺፕ አምራቾች ቢ ይሉታል፤ ስለዚህ ኤን ከኤ ጋር ያሰረ ሰው ያልተሳሳተ ይመስለዋል፣ መሣሪያው ግን አይመልስም። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ካለ እሱን መከተል፣ ከሌለ ሁለቱን ማቀያየር ነው፤ መቀያየሩ መሣሪያውን አይጎዳም።

ማንም በማይልክበት ጊዜ መስመሩ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አንደኛው ሽቦ ወደ +5 ቮልት፣ ሌላው ወደ ዜሮ በሬዚስተር ይሳባል፤ ከ450 እስከ 650 ኦም ያለው ይሠራል። ይህ የሬዚስተር ጥንድ በመስመሩ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገባው።

ሺልዱ ከመሬት ጋር የሚታሰረው በአንድ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመቆጣጠሪያው ፓኔል ነው። በሁለቱም በኩል ከታሰረና የሁለቱ ቦታዎች የመሬት ቮልቴጅ ከተለያየ፣ ረብሻ ሊከላከል የተገባው ሺልድ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። ከኃይል ገመድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅና መሻገር ግድ ሲሆን በቀጥታ ማዕዘን ማሻገር ይገባል። የድራይቭ የሞተር ገመድ ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ከእሱ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ ማስገባት አይገባም። በሁለት ሕንፃዎች መካከል ለሚዘረጋ መስመር ደግሞ የመብረቅ አደጋ ስላለ የኤሌክትሪክ መለያያ ወይም ፋይበር ይሻላል።

ርቀቱ በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይደርሳል፤ መደበኛ ጭነት ያላቸው 32 መሣሪያዎችም ይያያዛሉ። በሞድባስ አድራሻው ከ1 እስከ 247 ሲሆን ሁለት መሣሪያዎች አንድ አድራሻ ከያዙ እኩል ስለሚመልሱ ሁለቱም አይነበቡም። ፍጥነቱና ፓሪቲው (የስህተት መፈተሻ ቢቱ ቅንብር) በሁሉም ላይ አንድ መሆን አለበት። መስመሩ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ማያያዝና እያንዳንዱ መመለሱን አይቶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ችግር ያለበትን ወዲያው ያሳያል።