ሺምላን በእግር ማየት፦ የሚወራውና እውነታው

ህንድ ስማር ከፑንጃብ ተነስቼ በሰሜን ህንድ ተራራ ላይ ወዳለችው ከተማ ወደ ሺምላ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉዞዎች ባከኑብኝ። ሰው የነገረኝን ብቻ ይዤ ነበር የሄድኩት። አሁን እዚያ የሚማሩ ልጆቻችን ለእረፍት ሊወጡ ሲያስቡ ይደውሉልኛል፤ የሚነግሩኝም ያንኑ የድሮ ወሬ ነው። ከተማዋን በጣም ስለምወዳት አንድ በአንድ ላስተካክለው።

“ኮንትራት ታክሲ ይዘን በአንድ ቀን እንጨርሳታለን”

ዋናው ቦታ ታክሲ አይገባበትም። ሪጅ የሚባለው ሰፊ አደባባይና ሞል ሮድ የሚባለው ዋና የገበያ ጎዳና ለመኪና ዝግ ናቸው፤ እንደ አምቡላንስና እሳት አደጋ ያሉት ካልሆኑ በቀር። ታክሲው ታች ካርት ሮድ ላይ ያወርዳችኋል። ከዚያ ወይ ደረጃውን መውጣት ነው፣ ወይ ከፍሎ በሊፍት። ሊፍቱ ሁለት ነው፤ ከአንዱ ወርዳችሁ ትንሽ ተራምዳችሁ ሁለተኛው ውስጥ ትገባላችሁ። ሆቴል ስትይዙ ከመኪና መንገድ ስንት ደረጃ እንዳለው ጠይቁ። ሻንጣ ተሸክማችሁ ስትወጡት ነው የሚገባችሁ።

“ካርታው ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ይላል፣ ምን አላት!”

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሺምላ የተሠራችው ተራራ ጀርባ ላይ ነው። ከሪጅ እስከ ጃኩ ቤተ መቅደስ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ቤተ መቅደሱ ያለው 2,455 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከሪጅ ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ማለት ነው። መንገዱ ሪጅ ላይ ካለው ክራይስት ቸርች ከሚባለው ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይነሳና ፋታ አይሰጥም። ጤነኛ ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ግራ ቀኙ የዴዎዳር ጫካ ነው፤ የሊባኖስ ዝግባ ዘመድ ነው። ዝናብ ከጣለ የረገፈው ቅጠል ያንሸራትታል፤ ጉልበት የሚጎዳውም ቁልቁለቱ ነው። ከ2017 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኬብል ካር አለ። እኔ ብሆን በእግሬ ወጥቼ በኬብል ካር እወርዳለሁ።

በተቃራኒው የእንግሊዝ እንደራሴዎች ወደኖሩበት ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ ከሪጅ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እጥፍ ነው፣ ግን ብዙ አቀበት የለውም። እናቴን ይዤ ብሄድ የምመርጠው እሱን ነው።

“ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል”

የአዲስ አበባ ልጅ አይስጋ። ሪጅ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ቦሌ እንኳ ትበልጠዋለች። ከቆላ የመጣ ሰው ግን የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ይበል።

“ጦጣዎቹ ለማዳ ናቸው”

ጃኩ የሃኑማን ቤተ መቅደስ ነው፤ ሃኑማን በሂንዱዎች ዘንድ በጦጣ መልክ የሚታይ አምላክ ነው። ጦጣዎቹም እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ። አብራን የነበረችውን ጓደኛችንን መነጽርሽን አውልቂ ብንላት “ሳላይ እንዴት ልራመድ?” አለች። ደረጃው ላይ አንዱ ከኋላ ትከሻዋ ላይ ዘለለና መነጽሩን ነጥቆ አጥር ላይ ወጣ። የመነጽሩን እግር ያኝክ ጀመር። አንድ ሻጭ ትንሽ የሚበላ ነገር በላስቲክ ወረወረለት። ጦጣው ላስቲኩን ቀለበ፣ መነጽሩን ለቀቀ። የመነጽሩ አንዱ እግር ተጣሞ ነበር። መነጽር፣ ስልክና ፌስታል ቦርሳ ውስጥ ይግቡ፤ ምግብም በእጃችሁ አትያዙ።

“በረዶ ለማየት በክረምት ሂዱ”

ይህ የቋንቋ ችግር ነው። የህንድ ጓደኛችን ስለ ብርዱ ወቅት ሲነግረን እኛ “ክረምት” ብለን እንተረጉመዋለን። የኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ሺምላ የሞንሱን ዝናብ ላይ ናት፤ ጉም ሁሉን ይሸፍናል፣ የመሬት መንሸራተትም መንገድ ይዘጋል። በረዶ ከተገኘ የሚገኘው በብዛት ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ በየዓመቱ ግን አይጠበቅም። ሰማዩ ጠርቶ ሩቁን የሂማላያ በረዶ ማየት ለሚፈልግ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላል። ግንቦትና ሰኔ ህንዶቹ ራሳቸው ከሙቀት ሸሽተው የሚጎርፉበት ጊዜ ስለሆነ ሆቴል ይወደዳል።

“ባቡሩ ቶሎ ያደርሰናል”

አያደርስም። ከተራራው ግርጌ ካለችው ከተማ ከካልካ 96 ኪሎ ሜትር ነው፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። መኪና ይቀድመዋል። የሐዲዱ ስፋት 762 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ከነበረው ከቀድሞው የጅቡቲ ባቡራችን ሐዲድም ይጠባል። ጠባብ ስለሆነ ተራራውን እየተጠመዘዘ ይወጣል። 1903 የተከፈተው ይህ መስመር 102 ዋሻ ያቋርጣል፤ ዩኔስኮም በ2008 መዝግቦታል። እንደ መጓጓዣ አታስቡት፤ የመጀመሪያው ቀን ጉብኝታችሁ አድርጉት። ዋሻው ውስጥ ልጆች ሲጮሁ መስማት ብቻውን ደስ ይላል።

“የእንግሊዞች ከተማ ናት፤ ሕንጻውን ፎቶ አንስቶ መመለስ ነው”

እውነት ነው፣ ከ1864 ጀምሮ የእንግሊዝ ህንድ የሙቀት ወቅት መናገሻ ነበረች። ቤተ መንግሥቱ በ1888 ተጠናቀቀ። ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ1945 የህንድ መሪዎች ስለ አገራቸው የወደፊት አስተዳደር እዚያው ግቢ ተሰብስበው ሳይስማሙ ተበተኑ። ከ1965 ወዲህ ሕንጻው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ነው። ከ1971ዱ ጦርነት በኋላ ህንድና ፓኪስታን በ1972 ስምምነት የተፈራረሙትም እዚህች ከተማ ውስጥ ነው። ቤተ መንግሥቱን የምታዩት ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ የሚከፈቱትም ጥቂት ክፍሎች ብቻ ናቸው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቡበት።

ስትመለሱ በሞል ሮድ ብቻ አትቅሩ፤ ወደ ታችኛው ገበያ፣ ሎወር ባዛር ውረዱ። ጠባብ ነው፣ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ የከተማው ሰው የሚገበያየው እዚያ ነው። ራጅማ ቻውል እዘዙ፤ ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ጊ የሚሉትን ቅቤ እንዳይጨምሩበት ቀድማችሁ ንገሯቸው።