የትምህርት ቤት ግቢ አካባቢያዊ ምዘና በድሬዳዋ

የትምህርት ቤት ግቢ አካባቢያዊ ምዘና ማለት የአንድን ቅጥር ግቢ ጥላ፣ ውሃ፣ አፈር፣ መጸዳጃና ቆሻሻ በሜትር፣ በሊትርና በቆጠራ መዝግቦ ግቢው ለተማሪውም ለአካባቢውም ምን ያህል እንደሚመች ማወቅ ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበት «ኢኮ ስኩልስ» የተባለው መርሐ ግብር ሰባት ደረጃዎች ሲኖሩት፣ ምዘናው ኮሚቴ ከማቋቋም ቀጥሎ ሁለተኛው ነው፤ ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ችግኝ ይተከላል፣ የተተከለው ተቆጥሮ ሪፖርት ይላካል፣ ግቢው ግን በየትኛው ሰዓት፣ በየት በኩል እንደሚያቃጥል የለካ የለም።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጥቂቱ በመጋቢትና ሚያዝያ፣ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ይወርዳል። ዋናው ዝናብ የሚመጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ መሆኑ ምዘናውን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ያስገድደዋል። አንዱ በግንቦት፣ ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ሁለተኛው በመስከረም የመጀመሪያ ቀናት፣ ግቢው ለምዝገባ ከመጠረጉ በፊት ነው፤ ጎርፍ በግድግዳ ላይ የተወው መስመር፣ በአጥር ሥር የከመረው አሸዋና የቆፈረው ቦይ ከጽዳት ዘመቻው በኋላ አይገኝም።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ 30 ሜትር የሚሆን ሜትር፣ የግድግዳ ቴርሞሜትር፣ ባልዲ፣ የአንድ ሊትር መለኪያ፣ አካፋ፣ ነጭ ጭልፋ፣ የመንጠቆ ሚዛን፣ ሸራና አንድ ጠርሙስ አቼቶ። ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተውጣጡ 12 ያህል ተማሪዎችና ሁለት መምህራን በሦስት ቀን ይጨርሱታል። የቆሻሻው ምዝና ብቻ አንድ ሙሉ ሳምንት ይፈልጋል። ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ያላካተተ ቡድን ግማሹን መረጃ ያጣል። ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ቆሻሻው የት እንደሚቃጠልና ጎርፉ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጥላ

ጥላ የሚለካው ሰው በሚፈልገው ሰዓት ነው፦ ረፋድ 4 ሰዓት በእረፍት፣ 6 ሰዓት ላይ፣ ከሰዓት በኋላም 9 ሰዓት ላይ። የዛፉን ቅርንጫፍ ከዳር እስከ ዳር በሁለት አቅጣጫ ለክቶ አማካዩን መውሰድ፣ አማካዩን በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን ደግሞ በ0.785 ማባዛት ጥላው የሚሸፍነውን ካሬ ሜትር ይሰጣል። አማካይ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ ኒም 50 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። እንዲህ ያሉ ስድስት ዛፎች 300 ካሬ ሜትር ጥላ ይሰጣሉ፤ በፈረቃ 1,200 ተማሪ ካለ ለእያንዳንዱ ሩብ ካሬ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ያ መቆሚያ እንጂ መቀመጫ አይሆንም። «ግቢያችን ዛፍ አለው» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ሲደርስ ይከብዳል።

ፀሐይ በድሬዳዋ አናት ላይ የምትቆመው በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ አካባቢ ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ በትንሹ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በግንቦትና በሰኔ የ3 ሜትር ግድግዳ በ6 ሰዓት የሚጥለው ጥላ ወደ ደቡብ ከአንድ ሜትር በታች የሚሆነው ለዚህ ነው። በግንብ አጥር ጥግ ተማሪ ይጠለላል ብሎ መቁጠር ስህተት ነው። ከሁሉ የሚከፋው የምዕራብ ፀሐይ ነው፤ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ክፍል ከ8 ሰዓት በኋላ ይጋላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ዛፎች በበሩ ዳር ለውበት ሳይሆን በምዕራብ በኩል፣ ከግድግዳው 4 ሜትር ያህል ርቀው ይተከላሉ። ቴርሞሜትሩ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ በጥላ ውስጥ ይሰቀላል፤ ፀሐይ የመታው ቴርሞሜትር የሚያነበው የራሱን ሙቀት ነው። በዛፍ ጥላ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥርና በክፍል ውስጥ በተመሳሳይ ሰዓት የተነበቡ ሦስት ቁጥሮች ብዙ ክርክር ይዘጋሉ።

በከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ መንገዶች ግራና ቀኝ የቆሙት ዛፎች ከባቡሩ ዘመን ወዲህ የከተማዋ መለያ ናቸው። በቀይ አበባው የሚታወቀው ዛፍ እንዲያውም ስሙ «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው። ለትምህርት ቤት ግን ቅርንጫፉ በነፋስ በቀላሉ ስለሚሰበር ልጆች ከሚጫወቱበት ራቅ ማለት አለበት። ኒም ድርቅን ይችላል፣ መራራ በመሆኑም ፍየል እንደ ሌላው ችግኝ አትዳፈረውም። ቁርቁራና ግራር የአገሩ ስለሆኑ ወፍና ንብ ይስባሉ፤ እሾሃቸው ግን ከሩጫ ሜዳ ዳር ያርቃቸዋል። ሽፈራው ፈጥኖ ያድጋል፣ ጥላው ግን ስስ ነው።

ለአጥር የተተከለ ቅንጭብ ካለ ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ በምዘናው ቅጽ ላይ እንደ አደጋ ይመዘገባል። ከሐረርጌ ሜዳ የማይጠፋው ቅንጨ አረምም እንዲሁ ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ የመተንፈሻ ችግር ያለበትን ያስቸግራል። አበባ ሳያወጣ በጓንት ከነሥሩ ይነቀላል። ካበበ በኋላ ማጨድ ዘሩን መበተን ነው።

የችግኝ ቆጠራ ሁለት ዓምድ ይኑረው፦ የተተከለበት ወርና በቀጣዩ መጋቢት በሕይወት ያለው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከ መስከረም በዝናብ ይቆያል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው የሚገድለው። ለአንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ቢታሰብ፣ 100 ችግኝ በሳምንት 4,000 ሊትር ይጠጣል። ይህ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ያልጻፈ ትምህርት ቤት 100 ሳይሆን 20 ይትከል። ጉድጓዱ በ60 ሴንቲ ሜትር ጎን፣ በ60 ጥልቀት ይቆፈር፣ የላይኛው አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከብስባሽ ጋር ይመለስ፣ ዙሪያውም ውሃ እንዲይዝ ተደርጎ ይከበብ። ከፍየል የሚጠብቅ የእንጨት ወይም የሽቦ ከለላ የሌለው ችግኝ ከቆጠራው ቢወጣ አይበዛበትም።

ውሃና ትንኝ

ቧንቧ በየቀኑ በማይመጣበት ከተማ ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካን የግቢው አካል ናቸው። የምዘናው በጣም አስቸኳይ ክፍልም እዚህ ይገኛል። ከተማዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በበጋ የወባ ወረርሽኝ አይታለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የምታስተላልፈው በቀን የምትናከሰው ኤዴስ ትንኝ ናት። ለሦስተኛው ምክንያት የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች በተለየ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት የምትችል ናት። ስለዚህ ረግረጋማ ቦታ የሌለው ግቢም ከወባ ነጻ ነኝ ማለት አይችልም።

ቡድኑ ውሃ የሚይዘውን ዕቃ ሁሉ ይቆጥራል፦ ሮቶ፣ በርሜል፣ የአበባ ማሰሮ፣ የተጣለ ጎማ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከክፍሎች ጀርባ የተከመረ የተሰበረ ዴስክና የጣሪያ አሸንዳ። ከእያንዳንዱ በነጭ ጭልፋ ቀድቶ ማየት ነው። ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ተኝቶ የሚንሳፈፍ እጭ የአኖፊለስ ነው፤ ጭራውን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች አንጠልጥሎ የሚቆመው የኤዴስ ወይም የተራ ትንኝ ነው። እጩ ወደ ትንኝ ለመቀየር ሳምንት ከዚያም በላይ ስለሚፈጅበት በየሳምንቱ ማፍሰስ ዑደቱን ይሰብራል። ብዙዎች የሚስቱት ግን የበርሜሉን ግድግዳ ነው፤ የኤዴስ እንቁላል እዚያ ተጣብቆ ወራት በድርቀት ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ማፍሰሱ በብሩሽ መፋቅ ካልታከለበት አይበቃም። የሮቶው ክዳንና የትርፍ ውሃ መውጫው በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ይሸፈናሉ።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ኩባያ ለ10 ደቂቃ ማስቀመጥና የተጠራቀመውን በ144 ማባዛት የቀኑን ኪሳራ ይናገራል። 200 ሚሊ ሊትር ከተገኘ በቀን ወደ 29 ሊትር ይባክናል። አዳሪ ላልሆነ ተማሪ የዓለም ጤና ድርጅት መነሻ በቀን 5 ሊትር ስለሆነ ያ ለስድስት ልጅ የሚበቃ ነው። የጣሪያ ውሃም ይሰላል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የ200 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ600 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ሩቅ የሚረጨውና የሚተነው አንድ አምስተኛ ሲቀነስ፣ በዓመት 96,000 ሊትር ያወርዳል። አቧራና የወፍ ኩስ ያለበት የመጀመሪያው ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ሳይገባ ይወገዳል። የተቀረውም ለችግኝና ለጽዳት እንጂ ሳይታከም ለመጠጥ አይሁን።

የከተማዋ ውሃ ጠንካራ ነው፤ በጀበናና በማንቆርቆሪያ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ ቤት የለም። ይኸው ኖራ የጠብታ መስኖ ቀዳዳ ይደፍናል። ጠብታው የቀነሰ ቱቦ ጫፉ ተፈትቶ አቼቶ ውስጥ ቢያድር ይከፈታል።

ጎርፍና አፈር

የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ከደንገጎ ተራራ በኩል ዝናብ ሲወርድ ግን ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይኖር ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በመሆኑም በወንዝ ወይም በቦይ አጠገብ ያለ ግቢ መዛኙ የሚጽፈው ከዳሩ ያለውን ርቀት ብቻ አይደለም፤ ከፍታውን፣ አጥሩ ላይ ውሃ ማሳለፊያ መኖሩን፣ ልጆች በየትኛው በር ወደ ከፍታ እንደሚወጡም ይመዘግባል። ማሳለፊያ የሌለው ግንብ ውሃውን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ የሚወድቅ ግድብ ይሆናል።

የአፈሩ ውሃ የመምጠጥ አቅም ሁለት ጫፉ በተከፈተ ሰፊ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይፈተናል። 5 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ይገፋል፣ በውሃ ይሞላል፣ በ30 ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ይታያል። በዛፍ ሥርና ሰልፍ በሚቆምበት ሜዳ ላይ ሁለቴ መሞከር ያስፈልጋል። የተረገጠው ሜዳ ውሃ የማያስገባ ከሆነ ሙሉውን በሲሚንቶ መልበስ መፍትሔ መስሎ ይታያል። ሆኖም ሙቀቱንም ጎርፉንም ወደ ጎረቤት ስለሚገፋ መተላለፊያው ብቻ ተነጥፎ በዳርና ዳሩ ቦይ ቢወጣለት ይሻላል። አፈር ላይ አቼቶ ሲንጠባጠብ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ሎሚና ብርቱካን በእንዲህ ያለ አፈር ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ የሚቀረው ብረት መውሰድ ስለሚያቅታቸው ነው፤ ውሃ ጎደለ ተብሎ ውሃ ሲጨመር ይብስባቸዋል።

መጸዳጃና ቆሻሻ

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መጸዳጃና የሽንት መሽኛ ይላል። የሚቆጠረው በር ያለው፣ ከውስጥ የሚዘጋና በዕለቱ የሚሠራው ብቻ ነው፤ የተቆለፈው አይቆጠርም። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት በብዛት አግኝተዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርገው ነው። ጉድጓዱ ከየትኛውም የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ቱቦው ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ የተለቀቀ ከሆነ ሌላው ሁሉ ያማረ ቢሆን እንኳ ግቢው ለአካባቢ ተስማሚ አይባልም።

ቆሻሻ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ሸራ ላይ ተዘርግቶ በዓይነት ይለያል፣ ይመዘናል። አንድ ቀን ብቻ ከተመዘነ ዓርብ የሚደረገው ጽዳት ቁጥሩን ያዛባል። ጠርሙሱን ቁራሌው ይወስደዋል፤ የሚቀረው ችግር ፌስታልና የብስኩት ማሸጊያ ነው። ከአጥሩ ውጭ በሚጣል የጫት ገረባ ሳቢያ የሚገባው ፌስታል ደግሞ የተማሪው ስላልሆነ ለብቻው ይጻፋል። የመማሪያ ሰዓት ላይ ፕላስቲክ የሚያቃጥል ግቢ በዚህ ክፍል ዜሮ ያገኛል። ቅጠልና የምግብ ትራፊ ለብስባሽ ይሆናል፤ በዚህ ሙቀት ከመሬት በላይ የተከመረ ብስባሽ ደርቆ ስለሚቀር አንድ ሜትር ያህል በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በጥላ ሥር ይሠራል። ከመካከሉ የተወሰደው ሲጨመቅ እጅ ማርጠብ አለበት፤ ካላረጠበ ውሃ፣ ከሸተተ ደግሞ ደረቅ ቅጠል ጎድሎታል።

ነጥብ አሰጣጥ

ለእያንዳንዱ ጉዳይ ከ0 እስከ 3 መስጠት የተለመደ ነው። አደጋው አማካይ ማውጣቱ ላይ ነው፤ የአበባ መደቡ 3፣ የግድግዳው ሥዕል 3፣ መጸዳጃው 0 ሲሆኑ አማካዩ 2 ይሆንና «ጥሩ» ተብሎ ይለጠፋል። ስለዚህ መጸዳጃ፣ የትንኝ እጭ፣ የጎርፍ መውጫና ቆሻሻ ማቃጠል ከአማካይ ውጭ ይቀመጡ፤ ከአንዱ 0 ያገኘ ግቢ ጠቅላላ ነጥብ አይሰጠውም። ይኸው ቅጽ ወደ ሐረር ሲወሰድ ክብደቱ ይቀየራል። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የእኩለ ቀን ጥላ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የተዳፋት መሬት መሸርሸርና እርከን ግን ፊት ይመጣሉ።

ውጤቱ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ መምህር ኅብረት ሲቀርብ ከሦስት የማይበልጥ ሥራ ይመረጣል፤ ለእያንዳንዱም ኃላፊ፣ ውሃና ገንዘብ ይያያዝለታል። ጥላው፣ የጣሳው ፈተናና ቴርሞሜትሩ በመጀመሪያው ቀን የተደረጉባቸው ቦታዎች በግድግዳ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በቀጣዩ ግንቦት ሌላ ቡድን፣ ምናልባትም ሌላ ርዕሰ መምህር፣ እዚያው ቆሞ ይለካል።