በአዲስ አበባ ዙሪያ ለፍራፍሬ ችግኞች ዩሪያ የሚሰጥበት ጊዜና ዘዴ

በሆለታ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በሰንዳፋ ጓሮዎች ፖም፣ ኮክ ወይም ፕሪም የሚተክል ሰው ማዳበሪያን ቀድሞ የሚያውቀው ከጤፍና ከስንዴ ማሳ ነው። እህሉ በክረምት ተዘርቶ በጥቂት ወራት ስለሚታጨድ ዩሪያውም በክረምት ይሰጠዋል። ዛፍ ግን በሌላ አቆጣጠር ይኖራል። በእኔ እምነት ብዙ ችግኝ የሚጎዳው በዩሪያው መብዛት ወይም ማነስ ሳይሆን ይህ የእህል ልማድ እንዳለ ወደ ጓሮ ሲገባ ነው።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እርጥብ መሬት ላይ ተበትኖ ሳይሸፈን ከቀረ ከፊሉ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይተናል። አፈር ውስጥ የገባው ደግሞ በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ናይትሬትን አፈር አጥብቆ ስለማይዘው ውሃ ይዞት ይወርዳል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በሐምሌ ለተተከለና ሥሩ ገና ከጉድጓዱ ላልወጣ ችግኝ ያን ጊዜ የተሰጠ ዩሪያ በአመዛኙ ሥሩ ሳያገኘው ያልፋል። ውሃ በሚተኛበት የአቃቂና የሰንዳፋ ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ አየር ስለሚያጥር ናይትሬቱ ራሱ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል።

ፖም፣ ኮክና ፕሪም ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ናይትሮጅኑ ወደ ግንድና ወደ ሥር ተስቦ ይከማቻል፤ እንቡጡ ሲነቃ መጀመሪያ የሚመገበው ከዚህ ስንቅ ነው። ስለዚህ ዛፉ ተኝቶ ሳለ የሚሰጥ ማዳበሪያ ተቀባይ የለውም። ትክክለኛው ጊዜ አዲሶቹ ቅጠሎች ሲዘረጉ፣ የበልግ ዝናብ ወይም የመስኖ ውሃ ሲኖር ነው። በክረምት የተተከለ ችግኝም እስከዚያ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይበቃዋል።

ማዘግየትም የራሱ ጉዳት አለው። በክረምት መጨረሻ ናይትሮጅን ያገኘ ችግኝ ማደጉን ትቶ በመጠንከር ፈንታ ለጋ ቀንበጥ ያወጣል። በኅዳር አንድ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ያ ቀንበጥ ጠዋት የተቀቀለ ጎመን መስሎ አንገቱን ይደፋል፤ ከሰዓት በኋላ ጫፉ ይጠቁራል። የመጨረሻው ዩሪያ ከሰኔ ባያልፍ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ለመጀመሪያ ዓመት ችግኝ በአጠቃላይ 100 ግራም ገደማ ዩሪያ በቂ ነው፤ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ በየጥቂት ሳምንቱ ይሰጣል። በእፍኝ ከመገመት በሚዛን መመዘን ይሻላል። መጀመሪያ ሣሩ ይነቀላል፤ አለዚያ ማዳበሪያውን ቀድሞ የሚወስደው ሣሩ ነው። ከግንዱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የጠለቀ ክብ ቦይ ይወጣል። ዩሪያው በቦዩ ዙሪያ እኩል ተበትኖ አፈር ይለብሳል፤ ወዲያው ውሃ ይጠጣል። ነጫጮቹ ቅንጣቶች ግንዱ ሥር ከተከመሩ ጨውነታቸው ሥሩን ያቃጥለዋል፤ የቅጠሉ ጠርዝም ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ዛፉ ሲያድግ ቦዩ ቅርንጫፉን ተከትሎ ወደ ውጭ ይሰፋል።

አቮካዶ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ ስለማያረግፍ ትንሽ ትንሹን በተደጋጋሚ መስጠት ይስማማዋል።

ናይትሮጅን ያጠረው ችግኝ መጀመሪያ የሚገረጣው ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎቹ ነው። ዋልካ ላይ ግን ሥሩ በውሃ የታፈነ ችግኝም ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ እዚያ ከዩሪያው በፊት የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ይቀድማል።